አጎቴ ለቅሶ ላይ ያጨበጨበ ዕለት

ስፖንጅ ያረጃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ያረጃል። ቀለሙ ይለቃል፣ ጠርዙ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል፣ ሽታው ግን ንቅንቅ አይልም። አባዬ ጄኔቫ ዳር ቬርኒየ ይኖርበት የነበረውን ቤት ልናስረክብ ስናጸዳ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩት፤ ከክንዴ የሚረዝም፣ አንድ ጣቱን ወደ ሰማይ የቀሰረ፣ ብርቱካናማ የስፖንጅ እጅ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የርችት ጭስና የሰናፍጭ ሽታ አለው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ አየችው። "ማማን፣ ይሄ ግራንድ እጅ የማን ነው?" አለችኝ በዚያ ከፈረንሳይኛ በተደባለቀ አማርኛዋ።

"የአጎቴ" አልኳት።

"አጎትሽ እጁ እንደዚህ ነው?"

ሳቅ አመለጠኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ። ለሷ ገና ነው፣ አይገባትም። ላንቺ ለጓደኛዬ ልንገርሽ።

ያኔ አስራ አምስት ዓመቴ ነው። አባዬ ጄኔቫ ውስጥ ትራም ይነዳ ነበር። አዲስ አበባ ሳለ ዲያቆን የነበረ፣ ቤት ውስጥ ድምፁ ከሬዲዮኑ በታች የሆነ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ፈረንጆቹ በሚያውሱን ቤተ ክርስቲያን ከበሮ የሚመታው እሱ ነበር፤ ትከሻው ሲንቀሳቀስ የማየው ያኔ ብቻ ነው። ኳስም ይወዳል። ቡድናችን ሲጫወት ላንሲ ወዳለው ስታዲየም ይሄዳል፣ ሲመለስ እማዬ "እንዴት ነበር?" ትለዋለች፣ "ደህና" ይላታል፣ ወሬው በዚያው ያልቃል። እኔ አንድ ጥግ ይዞ፣ እጁን አጣጥፎ የሚያይ ነበር የሚመስለኝ። አንድም ቀን ይዞኝ ሄዶ አያውቅም። "እኔ የምቆምበት ቦታ ለሴት ልጅ አይሆንም" ይል ነበር፤ እንደሱ ያለ ሰው የት ሊቆም እንደሚችል ጠይቄም አላውቅም።

አባዬን ወደ ኳሱ ያስገቡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ትራም መንዳት ያስተማሩት የጄኔቫ ሰው። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየፋሲካችን እኛ ቤት እየመጡ ዶሮ ወጡን ዕንባቸው እየወረደ ይበሉ ነበር። በርበሬው እንደሚያቃጥላቸው እናውቃለን፣ እንደማይተዉትም እናውቃለን። አንድ ማክሰኞ ዕለት አባዬ ከሥራ ገባና "ሽማግሌው አረፉ" አለ። ጥቁር ሹራቡን ለበሰ። ሌላ ቃል አልወጣውም።

አጎቴ ከአሜሪካ ሊጠይቀን የገባው በማግስቱ ነው። የአባዬ ታናሽ ነው፣ ግን ፈጣሪ ሁለቱን ሲሠራ ድምፁን ሁሉ ለታናሹ ሰጥቶ ለትልቁ የሚተርፍ ያጣ ነው የሚመስለው። ሲስቅ ከላይኛው ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች ወለሉን ያንኳኩብናል። ይሄ ሁሉ ሳቅ ግን አባዬ ፊት ሲደርስ ይሞታል። ሰላምታቸው "ደህና ነህ?" "እግዜር ይመስገን" ነበር፤ ከዚያ አንዱ በረንዳ፣ ሌላው ወጥ ቤት።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እናታቸው አዲስ አበባ ሲያርፉ አባዬ ለቅሶ የተቀመጠው እዚሁ ቬርኒየ ነው። ሶፋው ወጥቶ ፍራሽ ተነጠፈ። ከሎዛን መጡ፣ ከዙሪክ መጡ፣ አባዬን በስም እንኳ የማያውቁ ሰዎች ሦስት ባቡር ቀይረው መጡ። የገዛ ወንድሙ ግን አልመጣም። ያኔ የመኖሪያ ወረቀቱ አላለቀለትም፣ ከአሜሪካ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ ይሄን አባዬ ይረዳዋል። ያልተረዳው ስልኩን ነው። ያን ሰሞን አባዬ ስልኩን ከጎኑ አጋድሞ ነበር የሚተኛው። ወንድሙ ግን አልደወለም። በአርባው አልደወለም፣ በሙት ዓመቱ አልደወለም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ፤ ወንድም ሲሆን ደግሞ ስም የለውም።

እማዬ የአንድ ዲፕሎማት ቤት ሠራተኛ ነበረች፣ የተጣሉ ሰዎችን አንድ ገበታ ላይ እያስተናገደች ኖራለች፤ ይሄ ግን ከአቅሟ በላይ ሆነባት። ሐሙስ ማታ ዕቃ እያጠብን "ስሚኝ" አለችኝ። "ይሄ ሰውዬ እሁድ ተመላሽ ነው። እንዲህ እንደተኳረፉ ከሄደ ሁለተኛ አይመጣም፣ እሱም አይጠራውም። እኔ አውቃቸዋለሁ፣ እስከ መቃብር ነው የሚወስዱት። ቅዳሜ ቡድናችን ዙሪክ ኳስ አለው አሉ፤ ሁለቱም ኳስ ይወዳሉ። አንቺ መሃላቸው ግቢ።"

ገባሁ። እራት ላይ ሐሳቡን ሳቀርብ አጎቴ ፊቱ በራ። ወዲያው ስለ አሜሪካ ጨዋታ ማውራት ጀመረ፣ ያውም አባዬን እያየ። እዚያ ጨዋታ ማለት ድግስ ነው አለ። ከጠዋት ጀምሮ መኪና ማቆሚያው ላይ ሥጋ ይጠበሳል። ባል የአንዱን ቡድን፣ ሚስት የሌላውን ለብሳ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። መሃል ላይ ተነስተሽ ምግብ ገዝተሽ ብትመለሺ ምንም አያመልጥሽም። ሰዉ ዝም ካለ ትልቁ ስክሪን "ጩኹ" ብሎ ይጽፋል፣ ያኔ ሁሉም ይጮኻል።

አባዬ ጉርሻውን ውጦ "ታዲያ ኳሱን ማን ያያል?" አለ።

ቀልድ መሰለን። ሦስታችን ሳቅን። እሱ ግን እጁን ታጥቦ እየተነሳ "ቅዳሜ እኔ ከልጆቹ ጋር ነው የምሄደው። እናንተ ከመጣችሁ ሌላ ቦታ ተቀመጡ" አለ። አጎቴ ተከፋ። ከልጆቹ ማለት ከደጋፊዎቹ መሆኑ አልገባውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም። ከወንድሙ ጋር አንድ ወንበር ላይ ላለመቀመጥ ያመጣው ሰበብ ነው የመሰለን። አጎቴ "ምናለ፣ እኔ ደህና ቦታ እገዛለሁ" ብሎ በስልኩ ሁለት ውድ ትኬት ቆረጠ። የየትኛው ቡድን ደጋፊዎች ትሪቡን እንደሆነ አልጠየቀም። በሱ አገር ይሄ አይጠየቅም።

ቅዳሜ አባዬ በማለዳ ወጥቶ ሄዷል። ደጋፊዎቹ የራሳቸው ባቡር አላቸው። እኔና አጎቴ ኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ተገናኝተን በመደበኛው ባቡር ሄድን። ጀርባው ላይ የማይታመን ትልቅ ቦርሳ አዝሏል፣ ምን እንዳለበት አይነግረኝም። ሐይቁ በቀኝ፣ የወይን እርሻው በግራ፣ አጎቴ እስከ ሎዛን አፉን አልገጠመም። ከሎዛን በኋላ ግን ድንገት "አባትሽ ስለኔ ምን ይላል?" አለኝ።

"ምንም" አልኩት። እውነቴን ነው።

"እሱ ነው የከፋው" አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ዙሪክ ስንደርስ ከሱቅ ሰማያዊ ኮፍያ ገዝቶ አጠለቀ፤ የዙሪኮቹን ኮፍያ። "አጎቴ፣ እኛ እኮ የጄኔቫ ነን" ስለው ሳቀ። "አንቺ ቀዩን ስካርፍ አድርገሻል፣ እኔ ሰማያዊውን፤ ባለቤቶቹን ማክበር ነው። ያምራል፣ ፎቶ እንነሳለን።" እኔም አምኜው ከሱ ጋር አንድ ላይ ጥርሴን አሳይቼ ተነሳሁ። ፎቶው ዛሬም አለ። ሁለት የዋሆች።

የመጀመሪያው ድንጋጤ የመጣው ስታዲየሙ አጠገብ ነው። ከሩቅ መሬቱን የሚያንቀጠቅጥ የእግር ኮቴ ሰማን። ከዚያ ፖሊሶቹ መጡ፣ ሄልሜት ያደረጉ፣ ግራና ቀኝ በሰልፍ። በመሃላቸው የኛ ደጋፊዎች። ጥቁር ጃኬት፣ ቀይ ስካርፍ፣ አንገታቸው ድረስ የተነቀሱ ጎረምሶች። አንድም ቃል አይናገሩም። የሚሰማው ኮቴ ብቻ ነው። አጎቴ ክንዴን ያዘኝና "እስረኞች ናቸው?" አለ በሹክሹክታ።

"ደጋፊዎች ናቸው መሰለኝ።"

"ምን አድርገው ነው ታዲያ ፖሊስ የሚነዳቸው?"

ያን ጊዜ አባዬን አየሁት። ከፊት፣ ከሁሉም ፊት፣ ጥቁር ሹራቡን እንደለበሰ፣ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ትልቅ ከበሮ ደረቱ ላይ አቅፎ ይሄዳል። ከኋላው ያሉት እሱ ሲራመድ ይራመዳሉ፣ ሲቆም ይቆማሉ። እቤት ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ለማለት የሚያፍር ሰው። ክው ብዬ ቀረሁ። እኔ ሳልጠራው፣ እሱም ሳያየን አለፈ።

አጎቴ ወንድሙን በዓይኑ ሸኝቶ "አባትሽ ምንድን ነው የሚሠራው?" አለኝ።

"ትራም ይነዳል" አልኩት። ሌላ ምን ልበለው።

መቀመጫችን ስንደርስ ዙሪያችን ሰማያዊ ብቻ ነበር። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ጠባቂ ቀጥ ብሎ መጣና ስካርፉን እንዳወልቅ በጀርመንኛ ነገረኝ፤ ለደህንነትሽ ነው አለ፣ በጨዋ ደንብ። ለአጎቴ ተረጎምኩለት። "በገዛ ትኬታችን?" አለ። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። የሱ አገር ባልና ሚስት እዚህ ቢመጡ አንዳቸው አጥር ማዶ ነው የሚቀመጠው። ስካርፌን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከጎኔ የተቀመጡት የዙሪክ አዛውንት ግን ፈገግ ብለው ለውዝ ጋበዙኝ፤ ልጅ መሆኔን አይተው ነው መሰለኝ። የተጠበሰ ቋሊማ፣ ሰናፍጭና እርጥብ ሣር ይሸታል። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር።

ከሜዳው ማዶ፣ በአጥርና በመረብ በታጠረ አንድ ጥግ፣ የኛ ሰዎች ቆመዋል። አባዬ ከአጥሩ ጋር በተያያዘ ከፍታ ላይ ወጥቷል። አጥሩ ላይ አንድ ረጅም ነጭ ጨርቅ ተሰቅሏል፣ ጽሑፍ አለው፣ ግን እኛ ከጎን ስለነበርን ሊነበብ አይችልም። ከበሮው እግሩ ሥር ነው፣ አሁንም ተሸፍኗል።

ፊሽካ ተነፋ። ጨዋታው ተጀመረ።

ዝምታ ሆነ። እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ጎረምሳ፣ ትንፍሽ አይልም። ኳሱ ሲመታ ድምፁ ይሰማል፣ በረኛው ሲጣራ ይሰማል። የኛ ጥግ ብቻ አይደለም፤ የዙሪኮቹም ጎራ፣ ያ ሲገባ ሲሳደብ የነበረው፣ ባንዲራውን አጥፎ ዝም ብሏል። እኔ ኳስ ሁልጊዜ እንዲህ የሚታይ መሰለኝ። አባዬ "ደህና" ብቻ የሚለው ለዚህ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

አጎቴ ግን ተቁነጠነጠ። ወደ ግራ ያያል፣ ወደ ቀኝ ያያል፣ ስክሪኑን ያያል። ስክሪኑ ምንም አይልም። "ምን ሆነዋል?" አለኝ። "ሰው የሞተባቸው እኮ ነው የሚመስሉት።" ከዚያ ማዶ አጥሩ ላይ ብቻውን የቆመውን ወንድሙን አየ። ምን እንዳሰበ በኋላ ነግሮኛል፤ ወንድሜ አጨብጫቢ አጥቶ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ ለዚህ ለዚህማ ማን ይቀድመኛል አልኩ ብሎኛል።

ቦርሳውን ከፈተ። ብርቱካናማውን እጅ፣ በሱ አገር ደጋፊ ጨዋታ ላይ የሚያጠልቀውን፣ አወጣና አጠለቀ።

"አጎቴ" አልኩ። ሳልጨርሰው ተነሳ።

መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ስፖንጁን በባዶ እጁ እየመታ፣ ዱብ፣ ዱብ። ቀጥሎ ያን ድምፁን ለቀቀው። ተከላካዮችን ማበረታቻ ነው የሚሉትን የአሜሪካ ጩኸት፣ "ዲ-ፌንስ"፣ እያረፈ፣ እየደጋገመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፁ ጣሪያውን መትቶ ይመለስ ነበር። ዞር ብሎ ሰዎቹን "ተነሱ፣ ተነሱ" እያለ በእጁ እንደ ማዕበል ሊያስነሳቸው ሞከረ። ከፊታችን ያለ አንድ ሕፃን ብቻ ተነሳለት፤ እናቱ ጎትታ አስቀመጠችው። ፉጨቱ ጀመረ። ከኛ ወገን፣ ከዚያም ከማዶ፣ ከዚያም ከሁሉም። አጎቴ ፉጨቱን ድጋፍ አድርጎ ወሰደው፤ በሱ አገር ለድጋፍም ያፏጫሉና። ደስ ብሎት የስፖንጁን ጣት ወደ ሰማይ አነሳው። እኔ ወንበሩ ሥር ልግባ፣ የት ልግባ።

ያኔ ነው አባዬ ያየን። ከሜዳው ማዶ ፊቱን ማየት አልችልም ነበር፣ አቋቋሙን ግን አየሁ። በሁለት እጁ አጥሩን ይዞ ወደኛ ዞረ። ከዚያ ጀርባውን ሰጠን።

የዙሪኩ አዛውንት የአጎቴን ክንድ በቀስታ ነኩት። ቁጣ የላቸውም። ፈረንሳይኛ እየፈለጉ፣ ለእኔ፣ "ለሰውየው ንገሪው" አሉኝ። "የጄኔቫዎቹ የከበሮ ሰው ሞቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ ሲመጣ የኖረ ሰው ነው፣ እኛም ስንሰድበው ኖረናል። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ሁላችንም ዝም እንላለን፣ ለሱ ነው።"

የከበሮው ሰው። ዶሮ ወጥ እያለቀሱ የሚበሉት ሽማግሌ። እኔም ገና ያን ጊዜ ገባኝ።

"ምን አሉ?" አለ አጎቴ፣ እጁ አሁንም እንደተነሳ ነው።

"ለቅሶ ነው" አልኩት።

"ምን?"

"ለቅሶ ላይ ናቸው አጎቴ። የአባዬ ጓደኛ ሞተው ነው። ማክሰኞ።"

ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የስፖንጁን እጅ አወለቀ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፣ ከዚያ እንደ ነውር ነገር በጃኬቱ ሸፈነው። ፊቱ አመድ መሰለ። "አሁንም ለቅሶው ላይ" አለ። ለኔ አልነበረም የሚናገረው። "መጀመሪያ ቀረሁበት፣ አሁን ደግሞ መጥቼ አጨበጨብኩበት።"

እማዬ መሃላቸው ግቢ ያለችኝ ይሄን አስባ አልነበረም። አለቀለት፣ አሁንስ ዕርቅ የሚባል ነገር የለም ብዬ ቆረጥኩ።

ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ አባዬ ጥቁሩን ጨርቅ ከከበሮው ላይ ገፈፈ። አጣጥፎ አንገቱ ላይ ጣል አደረገው። የመጀመሪያውን ምት ሲመታ ሆዴ ውስጥ ተሰማኝ። ቀስ ብሎ ነው የጀመረው፣ አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል፣ ደግሞ ከባድ፤ እኔ ይሄን ምት አውቀዋለሁ። እሁድ እሁድ፣ ቅዳሴው አልቆ ሲዘመር፣ እናቶች የሚያሸበሽቡበት ምት ነው። ያ ሁሉ የተነቀሰ ጎረምሳ በሱ ዘለለ፣ የለኮሱት ርችት ጭስ ሜዳውን ሞላው። አባዬም ዘለለ። አጥሩን ተደግፎ እየመታ፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ በዚያ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ እየጮኸ። አባቴ ድምፅ አለው። ስንት ዓመት አንድ ቤት ኖረን ድምፁን የሰማሁት ዙሪክ፣ በባላንጣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አለቀስኩ። አዛውንቱ ሌላ ለውዝ ሰጡኝ።

ስንት ለስንት እንደተለያዩ አላስታውስም። የማስታውሰው ጨዋታው አልቆ ሰዉ ሲወጣ አጎቴ አልነሳም ማለቱን ነው። "ባቡራችን" ስለው "አባትሽ በየት በኩል ነው የሚወጣው?" አለኝ። የእንግዳ ደጋፊዎች ወዲያው አይለቀቁም፤ ባለሜዳዎቹ እስኪበተኑ አጥር ውስጥ ይቆያሉ። ዞረን ወደ በራቸው ሄድን። ፖሊሱ እዚህ መቆም አይቻልም አለ። በትምህርት ቤት ጀርመንኛዬ "አባቴ ውስጥ ነው" አልኩት። አጎቴን ከላይ እስከ ታች አየው፤ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገ፣ ብርቱካናማ ነገር በጃኬት የደበቀ ጥቁር ሰው። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው አይመስልም። ግን አላባረረንም።

መዝነብ ጀመረ። አጎቴ ኮፍያውን አወለቀና ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተ። "ስካርፍሽን ስጪኝ" አለ። ቀዩን ስካርፍ አወጣሁለት። ትከሻው ላይ ጣለው፤ ነጠላ ለሐዘን እንደሚዘቀዘቅ አድርጎ፣ ጫፍና ጫፉን ደረቱ ላይ አገናኝቶ። የስፖንጁን እጅ ለኔ አስያዘኝ።

በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ሲወጡ ወዲያው አወቁት። እንዴት አያውቁት፣ ስታዲየሙ ሁሉ ሲያፏጭበት የዋለ ሰው። አንዱ ራሱን የተላጨ ግዙፍ ልጅ ቀጥ ብሎ መጣበት። ፖሊሱ ቀበቶውን ያዘ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ አጎቴ እፊቱ ወገቡን ሰብሮ አጎንብሷል። የልጁን እጅ በሁለት እጁ ይዞ "እግዜር ያጥናችሁ" አለው። በአማርኛ። ልጁ ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። አጎቴ ወደሚቀጥለው አለፈ። አጎነበሰ፣ እጁን ያዘ፣ "እግዜር ያጥናችሁ።" ወደሚቀጥለው። እኛ ለቅሶ ቤት ስንገባ ከዳር እስከ ዳር ማንንም ሳንዘል እንደምንጨባበጠው፣ በዝናቡ ውስጥ፣ በፖሊሶቹ መሃል። መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ራሳቸው መሰለፍ ጀመሩ። ሕይወታቸውን በሙሉ እጃቸውን ለዱላ ወይም ለቢራ ብቻ የሚዘረጉ የሚመስሉ ልጆች ተራቸውን ጠብቀው እጃቸውን ሰጡት። አንዱ እንባውን በጃኬቱ እጅጌ ጠረገ። ምን እንደተባሉ የሚያውቅ አንድም የለም፣ ያልገባው ግን አልነበረም።

አባዬ የመጨረሻው ነበር። ከበሮውን አቅፎ መጣና ቆመ።

አጎቴ ቀና አላለም። "እግዜር ያጥናህ፣ ጋሼ" አለ። ቀጥሎም "ለእናታችንም" አለ።

"ወረቀቱን ትቼዋለሁ" አለ አባዬ። "መምጣት እንደማትችል አውቃለሁ። ስልኩስ?"

"ድምፅህን ከሰማሁ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ነው። ፈራሁ።"

"እኔስ? እኔ ማን ነበረኝ?"

"ማንም" አለ አጎቴ። "ብቻህን ተውኩህ።"

አባዬ ከበሮውን እርጥብ አስፋልት ላይ አስቀመጠ። ሁለቱ ትልልቅ ሰዎች እላዩ ላይ ተደግፈው ተቃቀፉና ጮክ ብለው አለቀሱ፤ ለቬርኒየው ፍራሽ፣ ላልጮኸው ስልክ፣ ለእናታቸው። ባቡሩ እየጠበቀ ነው። ፖሊሱ ሰዓቱን አየ፣ ቀጥሎ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ፊቱን አዞረ። ከነዚያ ልጆች አንድም እንሂድ ያለ የለም። ቆመው ጠበቁ።

ስንመለስ በነሱ ባቡር ነበር። አጎቴን እስከ ጄኔቫ ዘፈናቸውን ሲያስተምሩት ቆዩ፣ አንዷንም ዘፈን በትክክል አልያዘም። እሁድ ሲሄድ የስፖንጁን እጅ ለአባዬ ተወለት። "ቅጣቴ ነው፣ እያየኸው ሳቅብኝ" አለው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኩ ይጮህ ነበር፤ አባዬ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያወራል፣ ድምፁም ከሬዲዮኑ በላይ ነው።

አባዬ ያረፈው ባለፈው ክረምት ነው። ለአጎቴ የደወልኩለት በሌሊት ነው፣ በማግስቱ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከሎዛን ሰው ሳይደርስ፣ ሶፋውን ሳናወጣ። ፍራሹን ያነጠፈው እሱ ነው። ቡድናችን በዚያው ሰሞን ላንሲ ጨዋታ ነበረውና ልጆቹ፣ አሁን ራሳቸው የልጆች አባት ሆነዋል፣ ትኬት ይዘው መጡ። እኔንና አጎቴን ከነሱ መሃል አቆሙን። አጥሩ ላይ የአባዬ ስም በትልቁ ተጽፏል፣ ከሥሩ በአማርኛ፣ ከስልክ ላይ ገልብጠውት ነው መሰለኝ ፊደሉ ተንጋዶ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል።

ፊሽካው ተነፋ። ዝምታ ሆነ።

አጎቴ አርጅቷል። የስፖንጁን እጅ በሁለት ክንዱ ደረቱ ላይ አቅፎታል፣ ጣቱ ወደ ታች። ትንፋሹን እንኳ ቆጥቦ ነው የቆመው። ያን ሩብ ሰዓት አንድም ጊዜ ቀና ሲል አላየሁትም። ከዚያ አንዱ ወጣት ጥቁሩን ጨርቅ ከከበሮው ላይ ገፈፈና የአባዬን ምት መታ፤ አንድ ከባድ፣ ሁለት ቀላል።

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

"አሁን ይቻላል?" አለኝ።

"አሁን ይቻላል፣ አጎቴ" አልኩት።